ከአይጥ ጭራ እስከ ምጥ

የተከበራችሁ አዋላጆች፣ ሐኪሞችና ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

በአይጥ ጭራ ልጀምር። አትሳቁ። አይጥ ጭራዋን የምታንቀሳቅስባቸው ጡንቻዎች እኛ ጋ ሌላ ሥራ ይዘዋል። ሰው ጭራ የለውም፣ ቀጥ ብሎም ይቆማል። ስለዚህ እነዚሁ ጡንቻዎች ከዳሌ ሥር ተዘርግተው የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና አንጀትን ይሸከማሉ።

በምጥ ጊዜ የሕፃኑ ጭንቅላት በመሃላቸው ያልፋል። በኮምፒውተር ሲሰላ አንዳንዱ ክፍል ከሦስት እጥፍ በላይ ይለጠጣል። አንዳንዴ ይበጠሳል፤ ነርቩም ይጎዳል። ከዚያ እናትየዋ ስታስል ሽንት ያመልጣታል። ወይም ዓመታት ቆይቶ ማህፀኗ ይወርዳል።

ይህን ጉዳት ሴት ላይ ሆን ብሎ አድርሶ ማጥናት አይቻልም። ገና ከወለደች እናት ጡንቻ ላይ ናሙና ልቁረጥ ብሎስ ማን ይጠይቃል? ለዚህ ነው እንስሳት የተመረጡት።

ችግሩ፣ አይጥ ስትወልድ ብዙም አትጎዳም። ልጇ ጥቂት ግራም ነው፤ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ማደንዘዣ ሰጥተው፣ ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ በብልቷ ያስገቡና ይሞሉታል። ፊኛ ስል የሽንቱን ማለቴ አይደለም፤ እዚህ ላይ አማርኛችን ትንሽ ያምታታል። የተወጠረው ፊኛ የሕፃን ጭንቅላት ሆኖ ይጫናል። ከቀናት በኋላ የሽንት ፊኛዋን ሞልተው ሆዷን ቀስ እያሉ ይጫናሉ። በስንት ግፊት ጠብ እንደሚል ይለካሉ። የተጎዳችዋ ቶሎ ታፈስሳለች።

እኔን በጣም ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያረገዘች አይጥ የዳሌ ጡንቻዎች ምጥ ሳይመጣ አስቀድመው ይረዝማሉ። ሳርኮሜር የሚባሉትን ጥቃቅን ክፍሎች ይጨምራሉ፤ ሰንሰለት ላይ ቀለበት እንደመቀጠል ነው። የእግሯ ጡንቻ እንዲህ አያደርግም። ያረገዘችውና ያላረገዘችው በአንድ ዓይነት ፊኛ ሲለጠጡ፣ ይበልጥ የምትጎዳው ያላረገዘችው ናት። እንግዲህ አካሉ ይዘጋጃል ማለት ነው። አንዳንዷ ሴት ስትጎዳ ሌላዋ የምትተርፈው ዝግጅቱ ስለሚለያይ ይሆን? እኔ እንደዚያ እጠረጥራለሁ።

ጡንቻ ብቻም አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ሎክስ-ኤል-1 የተባለ ፕሮቲን የሌላቸው የላቦራቶሪ አይጦች ከወሊድ በኋላ የመለጠጫ ክሮቻቸውን መልሰው መገንባት አቅቷቸው የዳሌ አካላቸው ሲወርድ አሳይቷል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ለማህፀንና ለሽንት ፊኛ መውረድ፣ የወረደውን እንዲደግፍ በብልት በኩል የሚሰፋው መረብ፣ ብዙው በአሜሪካ ገበያ የገባው ቀድሞ ከነበረ ዕቃ ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ነው። ገትር ያለ መረብ በዙሪያው ያለውን ጡንቻ እንደሚያሳሳ በሪሰስ ጦጣዎች የታየው ከዚያ በኋላ ነው። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሽያጩን ያስቆመው በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ነው። በእንስሳ መታየት የነበረበት ቀድሞ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ነበር።

አይጥ በአራት እግሯ ትሄዳለች፤ በሳምንታትም ታገግማለች። ሴት ግን በ25 ዓመቷ ወልዳ በ60ዋ ልትታመም ትችላለች። ይህን የ35 ዓመት ክፍተት በየትኛው እንስሳ እንሙላው? ሴት በግ በእርግዝና ጊዜ የዳሌ አካሏ በራሱ ስለሚወርድ፣ የብልቷም ስፋት ከሰው ስለሚቀራረብ አንዳንዶች እሷን ይዘዋል። እኔም ቀጣዩን ሥራዬን የምጀምረው በበግ ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።