መጽሔታችንን ዘግተን ወደ ድምፅ ቀረጻ ስንሻገር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣

እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ። ከክልል ከተሞች መንገድ ሳይበግራችሁ የመጣችሁ ደግሞ እንኳን ደህና ገባችሁ።

አጀንዳው ላይ «የሥነ ጽሑፍ መጽሔቱን ስለ ማቋረጥ» የሚለውን አይታችሁ ቅር የተሰኛችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መጽሔቱን እኔም እወደዋለሁ። ስለዚህ ሪፖርቱ ከመቅረቡ በፊት በግልጽ እንድንነጋገርበት መረጥሁ።

ወረቀት ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኅትመት ፕሮፎርማ በመጣ ቁጥር እንደነግጣለን። ገንዘብ ግን ለምነንም ቢሆን እናገኛለን። ያጣነው ሰው ነው። መጽሔቱን የሚያርሙት፣ ሌይአውት የሚሠሩት፣ ማተሚያ ቤት የሚመላለሱት እነዚያው ጥቂት አባሎቻችን ናቸው፤ አዲሱን ሥራ የሚችሉትም እነሱው። ሁለቱን ብንጭንባቸው አንዱም በወጉ አይሠራም።

አዲሱ ሥራ መጻሕፍትን በድምፅ መቅረጽ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ማንበብ የማይችለው፣ መጽሐፍ ለመግዛት አቅም ያልነበረው ሕዝብ ግን ጉዱ ካሳን ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ሲተርክለት ነው። ዛሬም ልብ ወለዱን ገልጦ ሲያነብ የወጋየሁ ድምፅ የሚመጣበት ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ታትመው ጆሮ ሳያገኙ የቀሩ ግሩም ሥራዎች ስንት ናቸው! ዐይነ ስውር ተማሪዎቻችን ዛሬም አንባቢ ጓደኛ ይለምናሉ።

በክረምቱ ቢሮአችን ውስጥ ሙከራ አድርገናል። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን። ተራኪዋ ጽሑፉን አስቀድማ ወስዳ የሚጠብቀውንና የሚላላውን በእርሳስ ምልክት አድርጋበት መጣች፤ ፊደላችን ይህን አያሳይምና ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው በየመስመሩ መወሰን አለበት። አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ መስማማት አቅቶን ደራሲው በስልክ ፈረደልን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እናቆማለን፣ ሲያባራ እንቀጥላለን። እንዲህ ያለ ሥራ ከመጽሔት በተረፈ ሰዓት የሚሠራ አይደለም። የፈቃድ ጉዳይም አለ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ደራሲው ካረፈም በኋላ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ከሥራው ገቢ የማግኘት መብቱ፣ 50 ዓመት ይጠበቃል። ወራሾችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ማነጋገር፣ ውል መፈራረም ግድ ነው።

አሁን መጽሔቱን ስለምንዘጋበት መንገድ። በአገራችን መጽሔት ብዙ ጊዜ የሚቆመው ሳይሰናበት ነው። አንድ ዕትም ይዘገያል፣ ተከታዩ ይቀራል፣ አንባቢውም ጠብቆ ጠብቆ ይተወዋል። የእኛ እንዲህ እንዳይሆን አደራ እላለሁ። የመጨረሻው ዕትም የመጨረሻ መሆኑ ሽፋኑ ላይ ይጻፍ። ቀድመው የከፈሉ ደንበኞች ቀሪ ገንዘባቸው ይመለስላቸው። ሙሉው ጥራዝ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገቢ ይሁን። ሥራቸው ተቀባይነት አግኝቶ ተራ የሚጠብቁ ወጣቶች አሉ፤ ገጽ ጨምረንም ቢሆን እናውጣላቸው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የእነሱ ነገር ነው። ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በኅትመት ያየው ስንቱ ገጣሚ በዚህ መጽሔት ነው። የድምፅ ሥራው ይህን ቦታ አይተካም፤ ይተካል ብዬ ልሸነግላችሁ አልፈልግም። ለጀማሪዎች ምን እናድርግ የሚለውን ከሰዓት በኋላ በቡድን ስትወያዩ በሰፊው እንድታዩት እጠይቃለሁ። ውሳኔውን የሚቃወም አባል ካለም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ዕድል ይሰጠዋል።

ለመጽሔታችን አዘጋጆች፣ በበጎ ፈቃድ ዓመታት ለደከማችሁ ሁሉ፣ በማኅበሩ ስም ከልብ አመሰግናለሁ። እባካችሁ ከመቀመጫችሁ ተነሡና ጉባኤው ይያችሁ።

በዚሁ የዘንድሮው ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ።