የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የልጆች ጭንቀትና «የመቀበል» ሕክምና

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም)፦ የ9 ዓመት ልጄ ጠዋት የትምህርት ቤቱን ሰርቪስ ጥሩምባ ስትሰማ ሆዷን ይቆርጣታል። ጤና ጣቢያ አስመርምሬያት ምንም የለባትም ተብያለሁ። ቤት ሳስቀራት ግን ወዲያው ተነሥታ ትጫወታለች። እያታለለችኝ ይሆን?

መልስ፦ አላታለለችዎትም። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፣ ልቡ ይመታል፣ ሆዱ ይታወካል፤ ስለዚህ ቁርጠቱ እውነተኛ ነው። ሰርቪሱ ሲሄድ የሚለቃትም ፍርሃቱ ስለሚለቃት ነው፤ ነገም መቅረትን የሚያስለምዳት ግን ይኸው እፎይታ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ስቲቨን ሄይስ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጀመረው የመቀበልና የቁርጠኝነት ሕክምና ልጁ «አትፍራ» አይባልም። ፍርሃቱን ሳይታገለው አብሮት መኖርን፣ የሚወደውንም ነገር ከማድረግ አለመቅረትን ይለማመዳል። ልጅዎን ጠዋት «ቁርጠቱ የት ጋ ነው? ምን ያህላል? ቀለሙስ?» ብለው ይጠይቋት። «ብርቱካን ያህላል፣ ጥቁር ነው» ካለችዎት፣ «እንግዲያው ብርቱካኑንም ይዘነው እንሂድ» ይበሏት። ከመምህሯ ጋር ተነጋግረው መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ ለግማሽ ቀን፣ ከዚያም ሙሉ ቀን ያድርጉት፤ መነሻው የምትናፍቃት ጓደኛዋ ወይም የምትወደው የሥዕል ክፍለ ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ከሁሉ በፊት ግን የሚመታት ወይም የሚያሾፍባት ሰው እንዳለ ያጣሩ፤ እንድትቀበል የምናስተምራት ስሜቷን እንጂ በደልን አይደለምና።

ጥያቄ (አንድ አባት፣ ከለገጣፎ)፦ «ተቀበል» ማለት እጅህን ስጥ ማለት አይደለም ወይ?

መልስ፦ አይደለም፤ ለፍርሃት እጅ መስጠት ቤት መቅረት ነው። ይህ ሕክምና የሚጠቀምበት የሹፌርና የተሳፋሪ ምሳሌ አለ፤ ወደ መገናኛ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ «ተመለስ!» እያለ ቢጮህ ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ከተከራከረ ሁሉም መንገድ ላይ ይቀራል፤ ጩኸቱን እየሰማ ቢነዳ ግን ይደርሳል። በአውስትራሊያ ከ7 እስከ 17 ዓመት ባሉ ጭንቀት ያለባቸው ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ይህን ሕክምና ያገኙትም ሆኑ የተለመደውን የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና (የሚያስጨንቅ ሐሳብንና ልማድን መለወጥን የሚያስተምረውን) ያገኙት ሕክምና ሳይጀምሩ ወረፋ ከሚጠብቁት የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ስለዚህ ልጅዎ በሌላው መንገድ እየተረዳ ከሆነ አያቋርጡት።

ጥያቄ (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከቱሉ ዲምቱ)፦ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ የሚወሰድ መሆኑን ሳስብ ጭንቅላቴ «ትወድቃለህ» ይለኛል። መጽሐፍ ስከፍት ይብሳል፣ እዘጋዋለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያ ሐሳብ ትንቢት አይደለም። በመጣ ቁጥር «አእምሮዬ ‹ትወድቃለህ› የሚለውን ሐሳብ ደግሞ አመጣው» ብለህ ቀስ ብለህ ተናገር፤ አሳምነህ ልታባርረው አትሞክር፣ ክርክሩ ራሱ ሌሊቱን ይፈጅብሃል። መጽሐፉን ግን ሐሳቡ እያለም ለ20 ደቂቃ ክፈተው። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለህ ጤና ጣቢያ ሄደህ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲልኩህ ጠይቅ፤ ሕይወትህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ለነገ አታሳድረው፣ ዛሬውኑ ለምታምነው ትልቅ ሰው ንገርና አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ።