የጠየቁት የትኛውን ነው?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ባለፈው ጊዜ የጀመርኩትን የማዘጋጃ ቤት ገቢ ጉዳይ ዛሬ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፤ አልጨርሰውም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ከበስተኋላዬ የምትሰሙት ያው የጎረቤታችን ወፍጮ ነው፤ መብራት ስለመጣ የሦስት ቀን ውዝፍ ሥራውን እያካካሰ ነው። ኮቴም እንደ ወትሮው ወንበሬ ላይ ተሰቅሏል፤ የት እንደሄድኩ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ “አሁን እዚህ ነበር” በሉልኝ።

ዛሬ የማነሣው አንድ ጥያቄ ነው። የጠየቁኝ የመዝገብ ቤታችን እትዬ ናቸው፤ የጠየቁኝም ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ነሥቶኛል ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ሌሊት ስነቃ ግን መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

እንደምታውቁት ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ እፈልጋለሁ ብሎ ካስታወቀ ወዲህ እኛ ቤት ሌላ ወሬ የለም። ለመወዳደር የሥራ ልምድ ማስረጃ ያስፈልጋል። ኃላፊ የሆነ ሰው ወረቀት በጸሐፊው በኩል ያስልካል እንጂ ራሱ መዝገብ ቤት አይወርድም፤ እኔ ግን ወሬው ከወረቀቱ ቀድሞ እንዳይወጣብኝ ብዬ በእግሬ ወረድኩ። ወሬው ለካ ከእኔም ቀድሞ ወርዶ ኖሯል።

እትዬ ማህደሬን ሳይፈልጉ አወጡት። በ2014 ዓ.ም. ደሴ ያን ክፉ የጦርነት ጊዜ አሳልፋ ወደ ቢሯችን የተመለስን ጊዜ፣ ወለሉ ላይ ተበትኖ የነበረውን ወረቀት ለሳምንታት ቁጢጥ ብለው እየለቀሙ ለየባለቤቱ ማህደር የመለሱት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ የማን ፋይል የት እንዳለ በዳሰሳ ያውቁታል። የእኔ የቅጥር ደብዳቤ ላይ ዛሬም የማን እንደሆነ የማይታወቅ የጫማ ዱካ አለ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ አውራ ጣታቸውን በየመስመሩ ላይ እያንሸራተቱ ማንበብ ጀመሩ። 1998 ዓ.ም. ጀማሪ ባለሙያ፤ ቀጥሎ ባለሙያ፤ ቀጥሎ የሥራ ሂደት ባለቤት፤ ከዚያ ቡድን መሪ፤ ከዚያ ወደ ሌላ መምሪያ በምክትል ኃላፊነት፤ ከዚያ ውክልና፤ ከዚያ ኃላፊ፤ ከዚያ እንደገና ሌላ መምሪያ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ። 19 ዓመት፣ ዘጠኝ ወንበር። ጨርሰው ቀና አሉና፣ “ከእነዚህ ውስጥ አንቱ የጠየቁት የትኛውን ነው?” አሉኝ።

እኔም ሣቅሁ። “ሁሉም ምደባ ነው፣ እትዬ” አልኳቸው። እሳቸው አልሣቁም። በቅጹ የመጀመሪያ መስመር ላይ “በምደባ” ብለው ጻፉ፤ ከዚያ በታች ባሉት ስምንት መስመሮች ሁሉ፣ ከላይ ያለው ይደገም የሚለውን ያችን የሁለት ጭረት ምልክት አንድ በአንድ አኖሩ። ጭረት፣ ጭረት። ጭረት፣ ጭረት። እጃቸው አይቸኩልም። በመሐል አንድ ልጅ የዓመት ፈቃድ ቅጽ ሊወስድ ገብቶ “ቆይ” ብለውት በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ስለነበር፣ እሱም ስምንቱን ጭረት አብሮኝ ቆጠረ።

እስካሁን መለየት ያቃተኝ ነገር የጠየቁበትን ሁኔታ ነው። ቅጹ በርግጥም በዝውውር ጥያቄ የተገኘንና በምደባ የተገኘን ለይቶ የሚጠይቅ ዓምድ አለው፤ በዚያ ከሄድን እትዬ ሥራቸውን ነው የሠሩት። ነገር ግን ለቅጹ ብቻ የጠየቀ ሰው እንደዚያ ቀና አይልም። ደግሞም የልምድ ወረቀቱን ሲሰጡኝ ያልጠየቅኋቸውን፣ ሥራ የሚለቅ ሰው የሚሞላውን የክሊራንስ ቅጽ አብረው አጥፈው ሰጡኝ፤ “ልምድ ያጻፈ ሰው እሱንም ማምጣቱ አይቀርም” ብለው። አሽሙር ይሁን ደግነት አላውቅም። ወሎዬ ሲያሽሟጥጥ የምርቃት ያህል ስለሚጣፍጥ የተወጋው ሰው የሚያውቀው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ እኔም ገና እየደረስኩ ይሆናል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዋስው አስተማሪ ሆኛለሁ። የአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሕይወት የሚነገርባቸውን ግሦች ስሟቸው፤ ተቀጠረ፣ ተመደበ፣ ተዛወረ፣ ተወከለ፣ ተሾመ፣ ተገመገመ፣ ተነሣ። ሁሉም በ“ተ” የሚጀምሩ ናቸው፤ አድራጊው ሌላ ነው፤ ባለጉዳዩ ተደራጊ ነው። “ለቀቀ” የሚለው ግን “ተ” የለውም፤ ለዚህም ይመስለኛል እኛ ዘንድ የሚያምነው ሰው የጠፋው። አንድ ኃላፊ በፈቃዱ ለቀቀ ሲባል ሰው “ማን አስቀየመው?” ይላል፤ ወይም “ሊነሣ መሆኑን ሰምቶ ቀደማቸው” ይላል። ባለቤቴ ይህን ስነግራት “ወጣም እኮ ተ የለውም፤ ቆሻሻውን ብታወጣው ጥሩ ነበር” አለችኝ፤ ወጥቼ ደፋሁት።

“የሥራ ሂደት ባለቤት” የምትለዋ ማዕረግ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወጣት አድማጮቼ አታውቋትም። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የሚባለው፣ ሁላችንም ቢፒአር የምንለው ነገር መጣ። የቢሮ ግድግዳ ፈረሰ፤ ባለጉዳይ በአንድ መስኮት ይስተናገድ ተባለ፤ ክፍል ኃላፊ የነበረው ሰው የሂደት ባለቤት ሆነ። ከዚያ የውጤት መመዘኛው ቢኤስሲ፣ ከዚያ የጃፓኑ ካይዘን፣ ከዚያ የለውጥ ሠራዊትና አንዱ አምስቱን የሚመራበት አንድ ለአምስት፣ ከዚያ ደረጃችንን እንደገና የደለደለው ጄኢጂ መጣ። ብዙ ሰው ይቀልድባቸዋል፤ እኔም ቀልጄባቸዋለሁ፤ ግን አንድ መስኮት ሲከፈት አንዲት ከገጠር የመጣች እናት በሦስት ቀን ትጨርሰው የነበረውን ጉዳይ ከምሳ በፊት ጨርሳ ስትሄድ በዓይኔ ስላየሁ አፌን ሞልቼ ከንቱ ነበር አልልም። መከራው ሌላ ነው። አንዱን ለውጥ ጀምረን ውጤቱን ሳናይ ሌላው ይመጣል፤ ሌላው ሲመጣ ደግሞ እኛም ከወንበራችን ጋር እንነሣለን።

ሰዎች ስለ እኔ ቀልቡ አይረጋም ይላሉ። እኔም አምኜ ተቀብዬው ነበር፤ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ወንበሩ ይቆረቁረኛል፤ መስኮት መስኮቱን ማየት እጀምራለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር እጠረጥራለሁ። ከቢሮ ወደ ቤት ስሄድ የማልፍበት አንድ የውሃ ማፋሰሻ አለ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ የተኛች ከተማ ናት፤ በክረምት ከላይ የሚወርደው ጎርፍ መንገድ ይቆርጣል፤ ቤት ውስጥ ይገባል። ያችን ማፋሰሻ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። ነዋሪውን አሰባስቤ፣ ሰኔ 30 በጀት ከመዘጋቱ በፊት ክፍያው እንዲወጣ ፋይናንስ ደጅ ጠንቼ፣ ግማሹ ሲያልቅ የምደባ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ በሦስተኛው ቀን ሌላ መምሪያ ነበርኩ። የቀረውን ሌላ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ጨረሰው፤ ደህና አድርጎም ጨርሶታል፤ በውስጤ ትንሽ ከፍቶ ቢጨርሰው ደስ ይለኝ እንደነበረ አልደብቃችሁም። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” ይባላል። እኔን የሚቆጨኝ መብላቱ አይደለም፤ ዘጠኝ ጊዜ ማዕድ ቀርቦልኝ ዘጠኙንም ጊዜ እጄን ሳልታጠብ መነሣቴ ነው። ታዲያ አለመርጋቴ ጠባዬ ነው ወይስ 19 ዓመት የተለማመድኩት ነገር? ሁለት ዓመት ሲሞላ ደብዳቤ እንደሚመጣ ሰውነቴ ስላወቀ ቀድሞ መቆርቆር ጀምሮ ይሆን? እንደዚያ ከሆነ ኮምቦልቻ ብሄድም በሁለት ዓመቴ ዓይኔ መስኮት ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ የለም።

ሒሳቡን ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ሠርተነዋል። 45 ዓመቴ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜ 60 ነው፤ 15 ዓመት ይቀረኛል። በየወሩ ለጡረታ የደመወዜን 7 በመቶ እኔ፣ 11 በመቶ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ እናዋጣለን። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛም የጡረታ ዐቅድ ስላለው 19 ዓመቴ ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ከአዲሱ ጋር ይደመራል። ብዙዎቻችሁ ይህን ስለማታውቁ ነው ተጣብቃችሁ የቀራችሁ፤ በዚህ እንኳ እርግጠኛ ሆኜ እናገራለሁ። የቀረው ነገር ግን በሒሳብ አይገባም። ከሹመት የወረደ ሰው ቢያንስ በባለሙያነት ይመደባል፤ ከፋብሪካ የወጣ ሰው የት ይመደባል? ደግሞ ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ነው፤ ዶሮ መዝለያን ወርጄ ገና ሳልጨርስ ኮቴን ማውለቅ ሊኖርብኝ ነው፤ ወንበር ላይ ሰቅዬው ብጠፋ ማን ያምነኛል?

እሑድ ለእናቴ ልነግራት ሐይቅ ሄድኩ። አቦሉን ጠጣን፤ አልተናገርኩም። ቶናው ላይ ተናገርኩ። ስለ ደመወዙ አልጠየቀችኝም፤ “ምሳ የምትበላበት አለ?” ብቻ አለችኝ። በረካው ሲቀዳ ጎረቤቶቹ ሁሉ እጃቸውን ዘረጉና መረቁኝ፤ እሷም መጨረሻ ላይ “የሚሻለውን እሱ ይምረጥልህ” አለችኝ። አሚን አልኩ። ከልቤ ነበር አሚን ያልኩት፤ ደስም ብሎኝ ነበር፤ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው የእትዬ ጭረት ትዝ ያለኝ። አሥረኛው መስመር ላይም ያችኑ ጭረት አስጨመርኩ ማለት ነው? የእናት ምርቃት ከምደባ ደብዳቤ ጋር እያስተያየሁ መሆኔን ሳውቅ አፈርኩ፤ ይቅርታ ታድርግልኝ። አንዱ ሌላ ነው፤ ሌላው ሌላ ነው። ግን የመጣልኝ እሱ ነው፤ ምን ላድርግ?

የክሊራንሱ ቅጽ እዚህ ከፊቴ ነው። ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ መኪና ስምሪት፣ ማኅተምና ቲተር እያለ ይወርዳል። ቲተርን በተመለከተ አምስቱ የቀድሞ ቲተሮቼ ቤቴ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፤ ማስረከብ ነበረብኝ፤ ልጄ ደብተሯን ሁሉ በምክትል ኃላፊነቴ ዘመን ቲተር አጽድቃዋለች። መጨረሻው መስመር ላይ “የመልቀቂያ ምክንያት” ይላል። ትናንት ማታ “ስለፈለግሁ” ብዬ ጻፍኩበት። ትንሽ አየሁትና ሰረዝኩት። “ለተሻለ ሥራ” ብዬ ጻፍኩ፤ እሱንም ሰረዝኩት። በእስክሪብቶ ስለነበር ሁለቱም ስርዝ ይታያሉ፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ደግሞ ተቀባይነት የለውም፤ ይህን ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ያስለጠፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ስለዚህ ሌላ ቅጽ ለመውሰድ እንደገና መዝገብ ቤት መውረድ አለብኝ፤ እትዬም እንደሚያውቁ ሆነው ያን መነጽራቸውን…