የሰው ዕዳ በእኔ ስም

እንደምን አመሻችሁ! አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ በዚህ ብርድ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ያወቅኩት መኪና ልገዛ ሄጄ ነው። ሻጩ ኮምፒውተሩን አየና ፊቱ ተለወጠ። ዳላስ ውስጥ ያልተከፈለ የስልክ ዕዳ አለብህ፣ ኮሌክሽን፣ ዕዳ ሰብሳቢዎች ጋ ማለት ነው፣ ገብቷል አለኝ። እኔ ዳላስን በአውሮፕላን እንኳን አላለፍኩባትም!

ቤቴ ገብቼ ክሬዲት ሪፖርቴን፣ የዕዳና የክፍያ ታሪኬ የተጻፈበትን ወረቀት፣ አወጣሁ። የማላውቀው አድራሻ ተጽፎበታል። ስሙ የእኔው ነው፤ አንድ ፊደል ብቻ ይለያል። የሞክሼዬ ዕዳ ከእኔ ሪፖርት ጋር ተዳብሏል ማለት ነው።

እኛ ላይ ይሄ ቢደርስ አይገርምም። እስቲ ጃንዋሪ 1 የተወለዳችሁ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? ፎርሙን የሞላልን ሰው ቸኮለና ሁላችንም ባንድ ቀን ተወለድን። የአያታችን ስም ላስት ኔም ሆነ። ገብረሚካኤል አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ነው፣ ሌላው ላይ ሁለት። ፀጋዬን ሦስት ሰው በእንግሊዝኛ ቢጽፈው ሦስት ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ስኮራችሁን፣ የክሬዲት ነጥባችሁን ማለቴ ነው፣ ብቻ አትዩ። ሪፖርቱን ራሱን፣ ከስምና ከአድራሻው ጀምራችሁ አንብቡት።

ሪፖርቱ በነፃ ነው። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ከሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች፣ ከኢኪውፋክስ፣ ከኤክስፔሪያንና ከትራንስዩኒየን፣ በየሳምንቱ ማውጣት ትችላላችሁ። የራሳችሁን ማየት ስኮር አይቀንስም። ሦስቱንም እዩ፤ አንዱ ጋ የሌለ ስህተት ሌላው ጋ ሊኖር ይችላል።

ስህተት ካገኛችሁ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1970 ጀምሮ ሕግ አለ። ሪፖርቱን ያወጣው ቢሮ አቤቱታችሁን ተቀብሎ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለበት፤ አንዳንዴ እስከ 45 ቀን ይሄዳል። ኦንላይንም ይቻላል። እኔ ግን ደብዳቤ እወዳለሁ። የትኛው መስመር እንደተሳሳተ ጻፉ፣ የመታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ኮፒ አያይዙ፣ ኦሪጅናሉን እንዳትልኩ! ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ተቀባዩ በሚፈርምበት ሰርቲፋይድ ላኩት። ዕዳውን ላስመዘገበው ድርጅትም ጻፉ።

የመጀመሪያው መልስ ሊያበሳጭ ይችላል። እኔን «አጣርተናል፣ ዕዳው ያንተ ነው» አሉኝ። ያጣሩት ድርጅቱን መልሰው ጠይቀው ነው። ሌባውን ሰርቀሃል ወይ ብሎ እንደመጠየቅ! ዕዳው ተገባ በተባለበት ጊዜ እዚሁ ሜሪላንድ የከፈልኩትን የመብራት ቢልና የቤት ኪራይ ውል አያይዤ ድጋሚ ጻፍኩ። ያኔ ተሰረዘ። ባይሰረዝ ኖሮ ለፌዴራሉ የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ አቤት እል ነበር።

እውነተኛ ዕዳ ግን በደብዳቤ አይጠፋም። ዘግይታችሁ ከከፈላችሁ እስከ 7 ዓመት እዚያው ይቆያል። «ክሬዲትህን አጸዳልሃለሁ፣ መጀመሪያ ብር አምጣ» የሚል ካገኛችሁ ሽሹ። ሥራውን ሳይጨርስ ማስከፈል በሕግ ተከልክሏል። እሱ የሚሠራውንም እናንተ በቴምብር ዋጋ ትሠሩታላችሁ።

የእኔን ደብዳቤ ስሜን አጥፍቼ አባዝቼዋለሁ፣ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ሪፖርቱን ማውጣት ለከበደው ላፕቶፕ ይዣለሁ፤ ቡናው ጋ እጠብቃችኋለሁ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን ግን ለእኔም አትንገሩኝ። ራሳችሁ ጻፉት፤ እኔ ዞር እላለሁ።