ቁርጡን መንገር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ በዚህ የደብረ ብርሃን ብርድ በማለዳ ተነሥታችሁ አዳራሹን ስለሞላችሁት ከልብ አመሰግናለሁ።

ያደግሁት አባቴ ከመንዝ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሲመላለስ እያየሁ ነው። ማመልከቻውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በርኖሱን ደርቦ በሌሊት ይወጣል፤ ማታ ባዶ እጁን ይገባል። አልተፈቀደለትም፤ አልተከለከለምም። መልሱ ሁልጊዜ «ይታያል» ነበር። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ የምትጠይቀው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቁርጡን ነገሩህ?» ስለ ሶፍትዌር ልናገር መጥቼ ይህን ያነሣሁት፣ እኛ በጎ ፈቃደኞችም ያንኑ በደል ስንፈጽም ስላየሁ ነው።

ደቢያንን ብዙዎቻችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ኢያን መርዶክ የጀመረው፣ ዛሬም በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የቆመ፣ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ነፃ ሥርዓት ነው። የምትፈልጉት ፕሮግራም በውስጡ ከሌለ «ይህ ፓኬጅ ይዘጋጅልን» ብላችሁ ታመለክታላችሁ፤ ፓኬጅ ማለት በደቢያን ላይ እንዲጫን ሆኖ የተሰናዳ ፕሮግራም ነው። ጥያቄው ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለሁሉም ይታያል። ሊያዘጋጀው የፈቀደ ሰው ሲገኝም «እኔ ይዤዋለሁ» ብሎ ስሙን ያስመዘግባል።

ባለፈው ክረምት ከእነዚህ አንዱን ከፍቼ አነበብኩ። የጥያቄው ጉዳይ ትንሽ የመዝገበ ቃላት ፕሮግራም ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው «ይዤዋለሁ» አለ። ዓመት አልፎ ሌላው «ከምን ደረሰ?» ሲል ጠየቀ፤ መልስ የለም። ከዚያም አንዲት ልጅ ማገዝ እንደምትችል ጻፈች። ማንም አልመለሰላትም፤ ሁለተኛም አልጻፈችም። ማሳው በሰው ስም ተይዟልና ጦሙን አደረ። እኔን ያንገበገበኝ የፕሮግራሙ መቅረት አይደለም፤ የዚያች ልጅ ተመልሶ መሄድ ነው።

«ክፍት ቢቆይ ማንን ይጎዳል?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ነገ ከእናንተ አንዱ ሊያግዝ ቢመጣ፣ አንድ ሕያው ጥያቄ ለማግኘት ስንቱን ሙት ማገላበጥ አለበት? የአንዱ ደራሲ ሥራውን ትቶታል። ሌላው የተጻፈው ፓይተን 2 በተባለው አሮጌ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው፤ የዚያ ድጋፍ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አብቅቷል። አንዳንዱም በሌላ ስም ገብቶ ከርሟል፤ ለጠያቂው የነገረው ግን የለም።

ስለዚህ እንዝጋ። ስንዘጋ ግን አንብበን ይሁን። ፕሮግራሙ በሌላ ስም እንዳልገባ፣ ደራሲው ዛሬም እንደሚሠራበት፣ ፈቃዱ ማሰራጨትን እንደማይከለክል እንይ። ጠያቂውን «አሁንም ትፈልገዋለህ?» ብለን ጽፈን በቂ ጊዜ እንጠብቅ። «ይዤዋለሁ» ያለውንም እንጠይቀው፤ ዝም ካለ ስሙን አንሥተን ጥያቄውን ለፈላጊ ክፍት እናድርገው እንጂ አንዝጋው። የሚዘጋውን ምክንያቱን ጽፈን እንዝጋ፤ ደብዳቤው በቀጥታ ለጠያቂው ይደርሳል። ተሳስተን ከሆነም ይከፈታል። የተዘጋ ጥያቄ ለ28 ቀናት ምንም ካልተጻፈበት ወደ ማኅደር ይገባል፤ ከዚያም ቢሆን ማውጣት ይቻላል።

በአንዳንድ ፕሮጀክቶች የተወሰነ ቀን ዝም የተባለበትን ጥያቄ ሁሉ የሚዘጋው አውቶማቲክ ፕሮግራም ነው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር በሚወከሉበት የጋራ መስፈርት ውስጥ፣ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ዛሬ አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽ በደቢያን ውስጥ በፓኬጅ ይገኛል። ነገር ግን ለፊደላችን የሚቀርብ ጥያቄ አስተያየት የሚሰጥበት ሰው ጥቂት ነው፤ ጠያቂውም መብራት ወይም ኢንተርኔት አጥቶ ይሰነብታል። ዝምታን ብቻ ለሚቆጥር ማሽን የእኛ ጥያቄ ከሁሉ ቀድሞ የሞተ ይመስላል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያነበው ግን በሕይወት እንዳለ ያውቃል።

ከሻይ በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉ ለእኛ ተፈቅዷል። እያንዳንዳችሁ አምስት አምስት ጥያቄ ትወስዳላችሁ፤ ከአሮጌዎቹ እንጀምራለን። ዛሬ የምንልከው የመጠየቂያውን ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ከወር በኋላ በዚሁ ክፍል ተገናኝተን መልስ የመጣበትንና ያልመጣበትን እንለያለን። የመዝገበ ቃላቱን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ፤ ለዚያች ልጅ የምጽፈው አለኝ።