ዳክዬ በድሬ ሙቀት

ሰላም ወዳጆች። የዛሬው ክፍል ስለ ዳክዬ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ «ዳክዬ ላረባ ነው» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው አንድ ጥያቄ ነው፦ «የደቻቱ ወንዝ ራሱ አሸዋ ሆኖ፣ በምን ውሃ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ውሃ በበርሜልና በጀሪካን እየተጠራቀመ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ውሃ የሚረጭ እንስሳ ማስገባት ያሳስባል።

መልሱ አጭር ነው፤ ኩሬ የግድ አይደለም። ዳክዬ ያለ ኩሬ ጤነኛ ሆና ትኖራለች። ጥልቅ መጠጫ ከሌላት ግን ትታመማለች። እነዚህ ሁለት ነገሮች ስለሚምታቱ ነው አንዳንዱ ሰው ሲሚንቶ ገዝቶ ኩሬ ካሠራ በኋላ የመጠጥ ውሃውን ለዶሮ በሚሆን ዝርግ ሳህን የሚሰጣት።

ለምን ጥልቀት? ስትበላ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቷት። ደረቁን መኖ ሁለት ሦስት ጊዜ ትዝቃለች፣ አንገቷን ወደ ፊት ትዘረጋለች፣ ከዚያ ወደ ውሃው ትሮጣለች። ምንቃሯን እስከ ዓይኗ ትነክራለች፣ በአፍንጫዋ ቀዳዳ አየር እየነፋች ውሃውን ታንቦጫርቃለች፣ ራሷን ታራግፍና ተመልሳ ወደ መኖው ትሮጣለች። ይህን የምታደርገው ለጨዋታ አይደለም። ምንቃሯ ዳርና ዳሩ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ማጥለያ አለው፤ ዱቄት እዚያ ላይ ሲቦካ ካልታጠበ ይጠነክራል። የአፍንጫዋም ቀዳዳ ይደፈናል። ዓይኗን መንከር ካልቻለች አረፋ የመሰለ ነገር ይይዝና ይጣበቃል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ደረቅ መኖ ጎርሳ ውሃ ስታጣ ነው፤ ጉሮሮዋ ላይ ተለጥፎ ያንቃታል። ስለዚህ ውሃ በሌለበት መኖ አይቀመጥም። ማታ ውሃውን ካነሳችሁ መኖውንም አብራችሁ አንሱት።

መጠጫውን ከቢጫው የ20 ሊትር ጀሪካን መሥራት ይቻላል። ጀሪካኑን አቁሙት፤ ጎኑ ላይ ከመሬት 15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ወርዱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር የሆነ መስኮት ቁረጡ። ጭንቅላቷ ይግባ፣ ገላዋ አይግባ፤ ዋናው ልክ ይሄ ነው። መስኮቱ ከሰፋ ውስጡ ገብታ ትታጠብበታለች፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥም ጭቃ ይሆናል። የተቆረጠው ጠርዝ አንገቷን እንዳይልጣት አሮጌ የውሃ ጎማ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ አልብሱት። ሙሉ በሙሉ ያደጉት ዳክዬዎች በዚህ ይጠጣሉ፤ ለጫጩት መስኮቱ ዝቅ ማለት አለበት።

ከጀሪካኑ ሥር ደግሞ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር፣ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ ጠጠር የተሞላ። የሚረጨው ውሃ እዚያ ይሰርጋል፣ ግቢውም አይጨቀይም። ጭቃ ከዳክዬ ጋር የመጣ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ የሚመጣው ግን መጠጫው ሥር ጠጠር ባለመኖሩ ነው።

ለገላዋ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይበቃል፤ ጥልቀቱ 20 ሴንቲሜትር ከሆነና በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሞላላት። ከጭራዋ በላይ ቅባት የምታወጣ እጢ አለቻት፤ ከታጠበች በኋላ በምንቃሯ ከዚያ እየወሰደች ላባዋን ትቀባለች። ሳትታጠብ ለሳምንታት ከቆየች ላባው ይደርቃል፣ ይቆሽሻል፣ ውሃ መከልከሉንም ያቆማል። የሳፋውን ውሃ ደግሞ አትድፉት፤ ፓፓያ ሥር አፍስሱት። ሳይበስል በሚበላ ሰላጣ ላይ ግን አታፍስሱት፤ ኩሱ ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። ዳክዬ አታልብም፤ የምትቀዘቅዘው በማለክለክና በውሃ ነው። ምንቃሯን ከፍታ፣ ክንፎቿን ከገላዋ አራርቃ ከቆመች ሙቀቱ ከብዷታል ማለት ነው። በግንቦትና በሰኔ ከቀትር በፊት ጥላ ሥር ያለውን ውሃ ለውጡ፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጀሪካን ሻይ ሊያፈላ ምንም አይቀረው! ቤቷ ቆርቆሮ ከሆነ ላዩ ላይ ገለባ ወይም አሮጌ ሰሌን ጣሉበት፤ ጎኖቹን ደግሞ በግድግዳ ፋንታ በሽቦ ወንፊት ዝጉ፣ ነፋስ ይመላለስ። ሐረር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከድሬ ወደ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል የሌሊቱ ብርድ ጫጩት ይገድላል፤ እዚያ ከታች ግድግዳ፣ ከላይ የአየር መግቢያ ነው የሚሻለው።

ሙቀትና የቆመ ውሃ ሲገናኙ ቦቱሊዝም የሚባል መመረዝ ይመጣል። ውሃ ውስጥ የሞተ አይጥ ወይም የበሰበሰ ነገር ካለ፣ አየር በሌለበት የሚራባ ባክቴሪያ እዚያ መርዝ ይሠራል። ከበድን የወጣ ትል መልቀምም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ እግሯ ይዝላል፣ ከዚያ ክንፏ፣ መጨረሻ አንገቷ፤ ጭንቅላቷን መሸከም ያቅታታል። እንዲህ ያለችውን ወዲያው ለይታችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፣ ንጹሕ ውሃ በጠብታ ስጧት፣ አንገቷን ደግፉ። ውሃ ዳር ከተተወች አፍንጫዋ ተነክሮ ትሰጥማለች። ቀሪዎቹን ከቦታው አርቁና ምንጩን ፈልጋችሁ አስወግዱ። በጊዜ የተደረሰላቸው አንዳንዶቹ በቀናት ውስጥ ይነሣሉ።

ወደ መኖ ልምጣ። ያደገች ዳክዬ በቀን 150 እና 170 ግራም መካከል ትበላለች፤ እንቁላል ለምትጥል 16 ከመቶ ፕሮቲን ያለው የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ይሆናል። ችግሩ ያለው ጫጩቷ ላይ ነው። የዶሮ ጫጩት መኖ ፕሮቲኑ ከ20 እስከ 22 ከመቶ ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደህና ነው። ናያሲን የሚባለው ቫይታሚን ግን ለዳክዬ አይበቃትም፤ ከዶሮ ጫጩት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ትፈልጋለች። ሲያንሳት ምልክቱ የሚታየው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነው። ያብጣል፣ እግሯ ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ወደ ኋላ ቁጢጥ ትላለች። ሰው «ሰነፍ ናት» ወይም «ወድቃ ነው» ይላል፤ በዚህ መሐል ቀኑ ያልፋል፣ የጎበጠውም አጥንት እንደጎበጠ ይጠነክራል።

መከላከያው ርካሽ ነው። በአንድ የውሃ ብርጭቆ መኖ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የደረቀ የቢራ እርሾ ቀላቅሉ። የዳቦ እርሾ አይተካውም፤ ሕያው ስለሆነ ይቦካል። የቢራ እርሾ ከጠፋ አንድ 50 ሚሊግራም የኒኮቲናማይድ (የናያሲን ሌላ መልክ) እንክብል ፈጭታችሁ በአንድ ሊትር ተኩል የመጠጥ ውሃ ውስጥ በጥብጡና በየቀኑ ለውጡት። ምልክቱን ያያችሁ ቀን ጀምሩ፤ ነገ አትበሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ብልህ ሐሳብ ያመጣል። ኦቾሎኒ፣ እኛ ለውዝ የምንለው፣ በናያሲን የበለጸገ ነው፤ ለውዝ የሚመረትባት ባቢሌ ደግሞ ደጃችን ላይ ናት። ታዲያ ለውዝ ፈጭቶ መስጠት ምን ችግር አለው? ለውዙ ለሰው የሚሆን ንጹሕ ከሆነ ችግር የለውም። ለእንስሳት ተብሎ የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተለቅሞ የቀረው ነው፤ የተጨማደደው፣ የተሰበረው፣ የሻገተው። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል፤ ዳክዬ ጫጩት ደግሞ ይህ መርዝ ቶሎ ከሚገድላቸው እንስሳት አንዷ ናት። መርዙ የታወቀውም በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉት ዶሮ መሳይ ትልልቅ ወፎች አለቁ፣ የዳክዬ ጫጩቶችም ሞቱ፤ ሲመረመር ምክንያቱ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች መርዙን የሚፈትሹት በአንድ ቀን የዳክዬ ጫጩት ነበር፤ ምን ያህል ስስ እንደሆነች ከዚህ መገመት ይቻላል።

መቁላት መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ሻጋታውን ማራገፍም አያጠፋውም፤ ሻጋታው ሲሄድ መርዙ ይቀራል። በቆሎም ሆነ ፋጉሎ ስትገዙ እጃችሁን ጆንያው መሐል ድረስ አስገቡ። ከሞቀ፣ ከረጠበ ወይም ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተ ተዉት፣ የቱንም ያህል ቢረክስ። ቤት ሲገባም ጆንያው መሬት ላይ አይቀመጥ፤ እንጨት ላይ ይሁን፣ ከግድግዳም ይራቅ።

ከሰው ማዕድ የሚተርፈውስ? ጎመን፣ ሰላጣ፣ ከርቡሽ በደንብ ተከትፎ ይሰጥ። ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ ገንቢ አይደለም። ጨውና በርበሬ ያለበት ወጥ አይሰጥ። ከጭማቂ ቤት የሚመጣ የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ ፈጽሞ አይሰጥ፤ ፐርሲን የሚባል ለወፎች ልብ መርዝ የሆነ ነገር አለው። ከጫት የሚተርፈው ገረባም ለፍየል ይቅር። ጫት የሚያነቃቃ ነገር አለው፣ መድኃኒት ተረጭቶበትም ሊሆን ይችላል፤ ለዳክዬ የሚሰጥበት ምክንያት አይታየኝም። አቦ፣ ግቢውን ደግሞ ጥረጉ! ዳክዬ የሚያብለጨልጭ ነገር አይታ አታልፍም፤ ቁርጥራጭ ሽቦና ምስማር ትውጣለች።

የድሬ ውሃ ጀበናውን ነጭ የሚያለብስ ካልሲየም ስላለው ለእንቁላል ቅርፊት ይበቃል ወይ የሚል ጥያቄም አለ። አይበቃም። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ፈጭታችሁ ለብቻው በዕቃ አስቀምጡላት፤ የፈለገችውን ያህል ራሷ ትወስዳለች። ለጫጩት ግን አይቀርብ፤ ኩላሊቷን ይጎዳል።

ወንድና ሴት የሚለየው በድምፅ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው ጮክ ብላ የምትጮኸው ሴቷ ናት፤ የወንዱ ድምፅ የሻከረና ዝቅ ያለ ነው። በኋላ ወንዱ ጭራው ላይ የተጠቀለለ ላባ ያወጣል። ፊቷ ላይ ቀይ ኪንታሮት የመሰለ ቆዳ ያላት፣ ሙስኮቪ የምትባለው የዳክዬ ዓይነት ግን ለብቻዋ ናት፤ ወንዱ እንደ እባብ ያፏጫል። ለአንድ ወንድ አራት ወይም አምስት ሴት ይሁኑ፤ ካነሱ የሴቶቹ ማጅራት ላባው ተነቅሎ ይቆስላል። ወንዱን ከዶሮ ጋርም አታዋህዱ፤ ዶሮዋን ሊጎዳት ይችላል።

ማታ መዝጋት ግዴታ ነው። ዳክዬ ስትተኛ አንዱን ዓይኗን ከፍታ፣ የአንጎሏን ግማሽ ብቻ ማሳረፍ ትችላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ከመንጋው ዳር የተኙት ይህን አዘውትረው እንደሚያደርጉ አሳይቷል። ቢሆንም ከሸለምጥማጥ አያድናትም። የተለመደው ቀጭን የዶሮ ሽቦ ዶሮን ያግዳል እንጂ አውሬን አይከለክልም፤ ቀዳዳው ከአንድ ሴንቲሜትር ተኩል የማይበልጥ ወፍራም ሽቦ ይሁን። ሐረር ላይ፣ ጅብ ማታ ማታ ጀጎል ውስጥ በሚመላለስበት ከተማ፣ በሩ በገመድ ሳይሆን በብረት መቀርቀሪያ ይዘጋ። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት አትልቀቋቸው፤ እንቁላል የሚጥሉት በብዛት ጎህ ሲቀድ ስለሆነ በየቁጥቋጦው አትፈልጉም።

የመጨረሻው፣ ዶሮ አስታቅፎ ማስፈልፈል ነው። ይሆናል፤ ግን የዶሮ እንቁላል 21 ቀን፣ የዳክዬ 28 ቀን፣ የሙስኮቪ 35 ቀን ነው። ዶሮዋ ከለመደችው በላይ ትቀመጣለች፤ ስለዚህ መኖና ውሃ አጠገቧ ይሁን፣ እንቁላሉም ከስድስት አይብለጥ። እውነተኛዋ እናት ከውሃ እርጥብ ገላዋን ይዛ ስለምትመለስ እንቁላሉ ይረጥባል፤ ዶሮ ይህን አታደርግም። የድሬ አየር ደረቅ ነው፣ ስለዚህ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን አንዴ ለብ ያለ ውሃ በእጃችሁ ረጨት ረጨት አድርጉበት። ቅርፊቱ መሰንጠቅ ከጀመረ በኋላ ጫጩቷ እስክትወጣ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይፈጅባታል። ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ገና ደም አለው፤ አዝናችሁ ከላጣችሁት ይደማል። ስትወጣ ጋዜጣ ላይ አታስቀምጧት፤ ያንሸራትትና እግሯ ይከፈታል። ንጹሕ ጆንያ አንጥፉላት።