አባባ በ9 ሰዓት መጡ፦ የአማርኛ ዌብሳይት ከውስጥ ሲታይ

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን። «የቀጠሮ ሰዓት፦ 9:00» የሚል ጽሑፍ]

ይቺን ስክሪን እዩአት። ቀኑ አለ። ሰዓቱ አለ። የሐኪሙ ስም አለ። ምንም የጎደለ አይመስልም። ግን በዚህች «9:00» ምክንያት አንድ አባት የጥርስ ሕመማቸውን እንደያዙ ከቀጠሯቸው 6 ሰዓት ዘግይተው ደረሱ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ገጹን የሠራነው እኛ ነን።

ጤና ይስጥልን። አራት ሆነን ዌብሳይት እንሠራለን። ቢሯችን ቸርችል ጎዳና ላይ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። በመስኮት አንገታችሁን ብታወጡ ሽቅብ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ቁልቁል ለገሃር ይታያል። ጠዋት ስንገባ መጀመሪያ የምናየው መብራት መኖሩን ነው። ካለ ላፕቶፑም፣ ስልኩም፣ ፓወር ባንኩም ይሰካል። ከዚያ ቡና፣ ከዚያ ሥራ። ዛሬ የምናወራችሁ ባለፈው ወር ጊዜያችንን ሁሉ ስለበላው ሥራ ነው፦ የአንድ ጥርስ ክሊኒክ የቀጠሮ ገጽ።

ነገሩ የጀመረው ከዋጋ ነው። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው፤ ልክም ነው። ሆስቲንግ፣ ማለትም ዌብሳይቱ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ኪራይ፣ በዶላር ይከፈላል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ የሁሉም ደንበኞቻችን የዓመት ሂሳብ ተለወጠ። ታዲያ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ምን ይመስላችኋል? አማርኛው። «ለጊዜው እንግሊዝኛው ይውጣ፣ አማርኛው ቀስ ብሎ ይደርሳል» ይባላል። እኛም እሺ እንላለን። የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ቴምፕሌት እንገዛና በስተመጨረሻ አማርኛውን እንገለብጥበታለን።

ለክሊኒኩም ያደረግነው ይሄንኑ ነው።

[ምስል፦ የክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል፣ ከኋላ የተነሳ]

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ደወለችልኝ። «እባክህ ናና አንተው አስረዳቸው» አለችኝ። በእግር 10 ደቂቃ ነው፤ ሄድኩ። አንድ አባት ጉንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ደግፈው ተቀምጠዋል። ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ዘጠኝ ሰዓት ብላችሁኛል። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። እኔ አንድ ደቂቃ አላሳለፍኩም» አሉኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ልክ ዘጠኝ ይላል። የእሳቸው ተራ ግን ያለፈው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ከሰዓት ሌላ ቦታ ነው የሚሠሩት።

«አባባ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» አልኳቸው። ሌላ የምለው አልነበረኝም። አንድ ሌሊት ተጨማሪ ሕመም ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ገጹን ከዜሮ እንሥራው ያልነው።

አሁን ከሰዓቱ እንጀምር። እኛ ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ጋር ነው የምንቆጥረው። ፈረንጅ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። በመካከል 6 ሰዓት አለ። ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰዓትን የሚያስቀምጠው ዩቲሲ በሚባለው የዓለም መለኪያ ነው፤ አዲስ አበባ ከእሱ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ የአባባ ቀጠሮ በሰርቨሩ ላይ 6:00 ነው፣ በፈረንጅ 9:00 ነው፣ በእኛ 3:00 ነው። ቅጽበቱ አንድ፣ ቁጥሩ ሦስት።

እዚህ ላይ ብዙ ዴቨሎፐር የሚሳሳትበት አቋራጭ አለ። «የሰርቨሩን ሰዓት 3 ወደ ኋላ ልመልሰውና ልገላገል» ይላል። እንዳታደርጉት። ሰዓቱ ሲንሸራተት ቀኑም አብሮ ይንሸራተታል። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የተመዘገበ ሁሉ የትናንት ቀን ይይዛል። የተቀመጠው ሰዓት አይነካም። የሚለወጠው ሰው የሚያየው ብቻ ነው።

ቁጥሩን ማስተካከል ብቻም አይበቃም። በአማርኛ «3 ሰዓት» ብሎ ዝም የሚል የለም፤ የጠዋቱ ነው የማታው? ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት ቃል እናስገባለን፦ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት። የአውቶቡስ ትኬት የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ሌሊት 10 ሰዓት የሚነሳ አውቶቡስ የማን ቀን ነው? ቋንቋችን መልሱን ይዞት ቁጭ ብሏል፦ «ለማክሰኞ አጥቢያ»። እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉት ማንም በተሳሳተ ቀን መናኸሪያ አይሄድም። ይሄ ቃል ትኬት ላይ ሲጻፍ ማየት በጣም ነው የምመኘው።

[ምስል፦ የወራት ዝርዝር፤ ከነሐሴ ቀጥሎ ባዶ ቦታ]

ቀን መቁጠሪያው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀን። ፎርማችን 12 ወር ነበረው። ጳጉሜን የለችም። ጳጉሜን የተወለደ ሰው የልደት ቀኑን መሙላት አይችልም ማለት ነው። አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ብትሆንም በእነዚያ ቀናት የተወለደ ሰው አለ። የልደት ዓመቱም ችግር ነበረበት። ሰው «1960» ብሎ ሲሞላ በእኛ አቆጣጠር ነው። ፎርሙ ግን በፈረንጅ ወስዶት ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው ዕድሜ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይሳሳታል። ደግነቱ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የዌብሳይት ፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀድሞ ተካቷል፤ ቀኑን በአማርኛ የወር ስም ያሳይላችኋል። ብራውዘሩ ራሱ ይዞት የሚመጣው የቀን መምረጫ ግን የፈረንጅ ነው፤ እሱን በራሳችን ተካነው።

ቀጥሎ ቀጠሮ ለመያዝ የሚጫኑት ቁልፍ። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነበር።

በእንግሊዝኛው ቁልፍ ላይ አንድ ቃል ነበረች፤ ለሁሉም ሰው ታገለግላለች። እኛ ስንተረጉማት «ቀጠሮ ያዝ» አልን። ለማን ነው «ያዝ» የምንለው? የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ እንደነገረችን ቀጠሮ ከሚይዙት ብዙዎቹ ለልጆቻቸው የሚይዙ እናቶች ናቸው። «ያዝ» ወንድ ነው፣ ያውም የሚቀራረቡት ወንድ። በር ላይ ቆሞ አንዲትን እናት «ግባ» እንደማለት ነው። አማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ አለው። ዲዛይኑ ከመሠራቱ በፊት ይሄ መወሰን አለበት። ለክሊኒኩ «ቀጠሮ ይያዙ» አልነው። አባባም፣ እናትየዋም፣ የሃያ ዓመት ልጅም ሳይከፋቸው ያነቡታል።

ሁልጊዜ «ይ» ይሻላል ማለቴ አይደለም። ለወጣቶች ጫማ የሚሸጥ ደንበኛ አለን። እዚያ «ይግዙ» ሲባል ነገሩ ይከብዳል። ያኔ ግሱን ትተን ስም እንጠቀማለን፦ መግቢያ፣ ፍለጋ፣ ግዢ። ስም ጾታ አይመርጥም። ይሄን ካወቅን ወዲህ ብዙ ቦታ እንደዚህ እያደረግን ነው።

የሰው ስም ላይም ተሳስተናል። ፎርሙ «የመጨረሻ ስም» ይል ነበር። አንዱ የአባቱን ጻፈ፣ ሌላው የአያቱን፣ ሌላው ባዶ ተወው። ከዚያ ሲስተሙ «ወይዘሮ» ብሎ የመጨረሻውን ስም ቀጠለበት። አንዲት ሴት በሞቱት አባቷ ስም «ወይዘሮ» የሚል መልእክት ደረሳት። አሁን ፎርሙ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው የሚለው። የምንጠራው በራሳቸው ስም ነው።

ፊደሉን ቶሎ ልለፈው። ቴምፕሌቱ የመጣው በ14 ፒክስል ነበር። የእኛ ፊደል በዚያ መጠን ይታፈናል። ቡ እና ቢን አስቡ፤ የሚለያቸው ቀኝ እግር ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ናት፤ አንዷ መሃል ላይ፣ አንዷ ታች። ወደ 18 አሳደግነው፣ በመስመሮቹ መካከልም ቦታ ሰጠነው። ማጋደሉንም አጠፋነው፤ የእኛ ፊደል ሲያጋድል የታመመ ነው የሚመስለው። ፎንቱ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው፤ በነፃ ይገኛል። በካርድ ዳታ ለሚከፍተው ሰው እንዳይከብድ የማንጠቀምባቸውን ፊደላት አውጥተን አቀለልነው።

የክሊኒኩ የድሮ ጽሑፎች ሲመጡ ደግሞ ፋይሉ ተከፍቶ የሚታየው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ በየቢሮው የሚጻፈው በእንግሊዝኛው ኮድ ላይ በተለበጡ ፎንቶች ነበር። ፎንቱ ከሌለ ንባብ የለም። የተወሰነውን በመቀየሪያ ፕሮግራም አዳንነው፣ የቀረውን የዲዛይን ባልደረባችን ሁለት ቀን ቁጭ ብላ ከታተመው ወረቀት እያየች ጻፈችው።

ፍለጋውም ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ገጹ ላይ «ሕክምና» ተብሎ ተጽፏል። ሰው «ህክምና» ብሎ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ «የለም» ይላል፤ ለእሱ ሁለቱ «ህ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አሁን ከመፈለጉ በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀን አንድ ያደርጋል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። የሚነበበው ጽሑፍ ግን እንደተጻፈ ይቀራል።

[ምስል፦ አጭር የጽሑፍ መልእክት ሲጻፍ፣ ከጎኑ የፊደል ቆጣሪ]

የመጨረሻው ሥራችን ማስታወሻ መልእክቱ ነበር። ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው ኤስ ኤም ኤስ ይላካል። አንድ መልእክት በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ካለፈ ወደ ሁለት መልእክት ይከፈላል፣ ሂሳቡም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አራታችንም ጠረጴዛ ከበን ቃል ስንቀንስና ስንጨምር አመሸን። መሃል ላይ መብራት ሄደ፤ በስልክ መብራት ጨረስነው። የወጣው ይሄ ነው፦

«ማክሰኞ ጥቅምት 11 ጠዋት 3:00 ሰዓት የጥርስ ቀጠሮ አለዎት። ካልተመቸዎ ይደውሉ።»

ቁጠሩት። ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡ ተቆጥሮ 53 ነው። 17 ተረፈን። እዚያ ላይ «አቶ» ብለን የአባባን ስም፣ የራሳቸውን ስም፣ አስገባንበት።

ማክሰኞ ጠዋት እንግዳ ተቀባይዋ ቴሌግራም ላይ ጻፈችልኝ። «አባባ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ መጥተው ተቀምጠዋል» ይላል።